ዜናውን ወደ ኋላ አድርግልኝ

(አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በነበረ ውይይት ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ጓደኞቼ ጻፈው ጻፈው ስላሉኝ በአፌ እንደወጣ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ ፊደል የሚያጣራ ሰው ትንሽ ይታገሰኝ።)

እንደምን ዋላችሁ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ መጀመሪያ ሲደውሉልኝ ዲሽ ተበላሽቶባቸው መስሎኝ "ሰፈሩ የት ጋ ነው?" ነው ያልኳቸው። ስለ ቴሌቪዥን ዜና ተናገር ሲሉኝ ጋዜጠኛ ጥሩ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ አልኩ። ጋዜጠኛማ ሁሌም ይናገራል፣ አንተ ግን ሰው ሳሎን ገብተህ ሪሞት የምትይዝ ሰው ነህ አሉኝ፣ እዚች ላይ መልስ አጣሁ። ዲሽ ሠሪ ነኝ። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ጨርቆስ፣ መርካቶ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ከነዚህ ሰፈሮች ስንቱ ቤት ዛሬ እንደሌለ ታውቃላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ዲሽ ያሰርኩበት ቤት ፈርሶ ደንበኛዬ ገላን ጉራ ገብቶ እዛ ድረስ ተከትዬው የሄድኩበት ጊዜ አለ።

ሥራው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ሲግናል ተገኘ፣ ሰርች ተደረገ፣ ቻናሉ ተዘበራርቆ ይመጣል፣ እኔ ቁጭ ብዬ በቅደም ተከተል አደረድራለሁ። ያኔ "ከ1 እስከ 10 ማን ማንን ላድርግ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይቺ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች ግን አንድ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያይ፣ ማን ማንን እንደሚያሸንፍ፣ አባትየው ይፈራ አይፈራ ሁሉ የሚታይባት ጥያቄ ናት። ድሮ 1 ቁጥር ላይ ክርክር የለም፣ ዜና ያለበት ጣቢያ ነው፣ አለቀ። ከዛ ኢቢኤስ መጣ፣ በ2008 ቃና ሲመጣ ደግሞ ልጆቹም እናትየዋም በአንድ ድምፅ ቃና አሉ፣ አባትየው ብቻ "ዜናውን የት አረግከው?" ይላል። እሱም ቢሆን ይላል ነው ምላችሁ፣ ይጠይቃል።

አሁን የሚገርመኝ አባትየውም መተዉ ነው። አንድ ካዛንቺስ ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ፣ ሁሌ ጋዜጣ የሚያነቡ የነበሩ ሰውዬ ናቸው፣ "ልጄ ዜናውን ወደ ኋላ አድርግልኝ፣ ሪሞቱ ሲነካ እንዳይመጣብኝ" አሉኝ። እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። እና እሳቸው ብቻ መስለውኝ ነበር፣ አይደሉም፣ ይሄን ነገር በተለያየ አባባል ከስንት ሰው እንደሰማሁት።

ልብ በሉ ደግሞ ሰዎቹ ዜና አይፈልጉም ማለት አይደለም። እኔ ጣራ ላይ ሆኜ ከታች የሚጠይቁኝን ብትሰሙ። "ነዳጅ ጨመረ ይባላል እውነት ነው?" "የኛ ሰፈር ሊነሳ ነው ሲሉ ሰማህ?" "ዶላር ስንት ገባ?" "እዛ ማዶ መብራት አለ?" ዲሽ ሠሪውን ነው የሚጠይቁት! ከቤት ቤት ስለምሄድ ከቴሌቪዥኑ የተሻለ አውቃለሁ ብለው ያስባሉ፣ አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። እና ሰው ዜና እየራበው ዜናውን ወደ ኋላ አድርግልኝ ካለ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፣ ዛሬ ላወራ የመጣሁት ስለዚህ ብልሽት ነው።

በፊት አንድ ነገር ላጥራ፣ ድሮ ጥሩ ነበር ልል አይደለም። ድሮ ጥሩ ነበር ሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥሩ የነበረው ዕድሜያቸው ነው። ቴሌቪዥን እዚህ ከተማ የገባው በ1957 ነው፣ ስቱዲዮው ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር፣ ጥቁርና ነጭ። ለጥቂት ሰው የመጣ ዕቃ ነው፣ ሌላው በጎረቤት መስኮት ነው ያየው። ዜናውም የግርማዊነታቸው ውሎ ነበር፣ የት መረቁ፣ ማንን ተቀበሉ፣ ምን ሸለሙ። በ1965 እና 66 ወሎ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ እኛ ቴሌቪዥን ላይ አልነበረም። አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ ለራሱ ሀገር ሕዝብ አሳየው። እኛ ሀገር መቼ ታየ? መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየው፣ በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ወረዱ። ማለት እውነተኛው ምስል የታየው ለሚያወርድ ሰው በጠቀመበት ሰዓት ነው። ደርግም ተራው ሲደርስ ያው ነው፣ መስከረም 1977 ላይ ለ10ኛው የአብዮት በዓል ቴሌቪዥናችን ቀለም ሆነ፣ ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ ቀዩ ሁሉ በቀለም ታየ፣ በዛው ወር ሰሜኑ ክፍል ሰው እየሞተ ነበር፣ ኮረም ላይ የነበረውን ነገር ዓለም ያወቀው ጥቅምት 13 ቢቢሲ ሲያሳየው ነው። እኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመናገር ስዘጋጅ አንብቤ ራሴን ይዤ ነው የቀረሁት። ስለዚህ ድሮ ጥሩ ነበር የምትል አባት ካለህ በዚህ አስታውሰው።

እና ታዲያ ወረደ የምለው ምኑ ነው? ድሮ አንድ ጣቢያ ነበር፣ ያ አንድ ጣቢያ የባለቤቱ ነው፣ ሰውም ያውቀዋል፣ እያወቀ ያዳምጣል፣ በመስመሮች መሃል ያነባል። ዜና አንባቢው ግን አማርኛውን አይሰብርም፣ የሰው ስም አይሳሳትም፣ ዜናው ይጀመራል ያልቃል፣ ሰዓቱ 2 ሰዓት ነው ከተባለ 2 ሰዓት ነው፣ ሰው ሰዓቱን ያስተካክልበት ነበር። አሁን ጣቢያው በዛ፣ ሪሞት ሲነካ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዱን ትተህ ሌላው ጋ ብትሄድ ያው አዳራሽ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ሜዳሊያ፣ ልዩነቱ ከታች ያለው ሎጎ ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ዓይነቱ ያነሰበት ገበያ እኔ ሌላ አላውቅም። ስቱዲዮው አምሯል፣ እሱን አልክድም፣ ስክሪኑ ግድግዳ ሙሉ ነው፣ መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ስቱዲዮው ሲያምር ዜናው የት እንደገባ ነው እንጂ ጥያቄው።

አንድ የማታ ዜና አብረን እንይ እስቲ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ሆቴል አዳራሽ አለ። ከኋላ ባነር፣ መሪ ቃሉ ረጅም ስለሆነ ካሜራው ሁለቴ ነው የሚጠርገው። ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ። ክቡር እገሌ ፖዲየም ላይ ወጥተው ይናገራሉ ግን ድምፃቸው አይሰማም፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ በላዩ ላይ ሪፖርተሩ ያሉትን ይነግረናል። ከዛ ተሳታፊዎች ማስታወሻ ሲይዙ። አንዱ ሁሌ ስልኩን እያየ ነው፣ እሱን ሰውዬ እወደዋለሁ። ከዛ ከተሳታፊዎቹ ሁለት ሰው ኮሪደር ላይ ቆመው ስልጠናው ግንዛቤ እንደፈጠረላቸው ይናገራሉ። ግንዛቤው ስለምን እንደሆነ አይነገረንም። ከዛ ቀጣዩ ዜና፣ ሌላ አዳራሽ። ስለ እርሻ ከሆነ ያ ትራክተር ይመጣል፣ ታውቁታላችሁ አይደል ያንን ትራክተር? ባለፈው ዓመትም አርሷል፣ ካቻምናም አርሷል፣ አንዴም አልተበላሸም። ስለ ጤና ከሆነ ያቺ ነርስ ያንን ሕፃን ትከትበዋለች፣ ሕፃኑ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል መቼም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሌለው ምንድነው ብላችሁ ብትቆጥሩት፣ ነገሩ የደረሰበት ሰው ነው የሌለው። ስለ ውሃ ዜና ሲሠራ ጄሪካን የያዘ ሰው የለም። ስለ ትራንስፖርት ሲሠራ ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የለም፣ ቢኖርም ከሩቅ ነው፣ በጀርባው ነው። ስለ ኑሮ ውድነት ሲሠራ ዘይት የምትገዛ ሴትዮ የለችም፣ ዋጋው እንደተረጋጋ የሚናገር ኃላፊ ከነባንዲራው ቢሮው ውስጥ አለ። ሴትዮዋ ይሄን እያየች ነው እኮ፣ ከመግዛት ተመልሳ፣ ፌስታሉ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። እንዴት አትናደድ?

እኔ ለራሴ ነገሩ የገባኝ የሰርግ ቪዲዮ ሳይ ነው። ሰርግ ቀራጭ ማን ነው የሚጠራው? ደጋሹ። ማን መኪና ይልክለታል፣ ማን ያበላዋል፣ ማን ይከፍለዋል? ደጋሹ። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ሁሉም ይስቃል፣ ኬኩ ይቆረሳል፣ ሙሽሮቹ አበባ መሃል ይሄዳሉ። ጓዳ ውስጥ ወጡ አንሶ እናትየዋ እያለቀሰች እንደሆነ አይታይም፣ የሙሽሪት አጎት አኩርፎ በር ላይ እንደቀረ አይታይም። ቀራጩ ውሸታም ስለሆነ አይደለም፣ ጓዳ ግባ ያለው የለም። ዜናችን እንደዛ ነው የሆነው።

ይሄን ከራሴ አይደለም የማወራው። ደንበኞቼ ውስጥ ካሜራማን አለ፣ ሪፖርተር አለ፣ ጣቢያ ቀይሮ ቀይሮ የሰለቸ ኤዲተር አለ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እንጀራቸው ነው። ሻይ አፍልተውልኝ የሚነግሩኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ዴስክ ላይ ምን አለ? የጥሪ ደብዳቤ አለ። እገሌ ቢሮ በእገሌ ሆቴል የምክክር መድረክ ስላለው ባለሙያ ይመደብልን የሚል። ጋባዡ መኪና ይልካል፣ ምሳ አለ፣ ከከተማ ውጭ ከሆነ አበል አለ። ጣቢያው ያለው መኪና ወይ ቆሟል ወይ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው፣ ካሜራው ለሦስት ሪፖርተር አንድ ነው። እና አንዱ ሪፖርተር ተነስቶ "እኔ ዛሬ ልደታ ፍርድ ቤት ሄጄ የኮንዶሚኒየም ክርክር ልከታተል" ቢል በምን ይሄዳል? በታክሲ። ካሜራማኑስ ያንን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ ታክሲ ሊሳፈር ነው? ሄዶ ደግሞ ዳኛው ቀጠሮ ሰጠ ቢባል ባዶ እጁን ነው የሚመለስ፣ ማታ ደግሞ የዜና ሰዓቱ መሞላት አለበት። አዳራሹ ግን አይከዳም፣ ሄደህ ባዶ አትመለስም፣ 4 ሰዓት ላይ ይከፈታል 6 ሰዓት ላይ ዜናው ተጠናቋል። ሰነፍ አይደሉም፣ ስሌት ነው። ደሞዙንም አስቡት፣ ጎበዝ የሆነው ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ይሠራና ወይ የመሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ይሆናል፣ ማለት ደብዳቤውን ላኪ ይሆናል፣ ወይ ዩቲዩብ ይከፍታል፣ ወይ ይሄዳል። ዴስኩ ላይ የሚቀረው ገና የሚማር ልጅ ነው፣ አስተማሪው ደግሞ ሄዷል።

የግሎቹስ? ብዙ ሰው ተስፋ ያደረገው እነሱ ላይ ነበር፣ እኔም። ግን አንድ ነገር ታውቃላችሁ፣ ሳተላይት በብር አይከራይም። የአየር ኪራዩ በዶላር ነው፣ ማስታወቂያው የሚመጣው በብር ነው። በ2011 ደግሞ አዋጅ 1112 ወጣና የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ተከለከለ፣ ለጤና ጥሩ ነው አልቃወምም፣ ግን ያኔ ስንቱ ፕሮግራም በቢራ ስፖንሰር ነበር የሚቆመው። ቢራው ሲወጣ ምን ገባ? ሪል ስቴት ገባ፣ ባንክ ገባ፣ እና የሪል ስቴት ማስታወቂያ ያለው ጣቢያ ቤት ከፍለው ስላልተረከቡ ሰዎች ዜና ሲሠራ አይታችኋል? እኔ አላየሁም፣ ያየ ካለ ይንገረኝ ከልቤ ነው። ዜና ውድ ነገር ነው፣ ሦስት ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጦ ማሳቅ ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ሶፋው በዛ። አንዳንዱ ዜና ጀምሮ ዘጋው፣ አንዳንዱ ራሱ ተዘጋ፣ አንዳንዱ ደግሞ መግለጫውን እንዳለ አንብቦ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ፈተና የሚባለውን ላንሳ። ዜና የሚፈተነው አዳራሽ ውስጥ አይደለም፣ የሆነ ነገር ድንገት ሲፈጠር ነው። ታኅሣሥ 2017 ላይ የነበረውን የመሬት መንቀጥቀጥ የምትረሱት አይመስለኝም። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው መነሻው፣ ግን እኛ እዚህ አልጋችን ላይ ነበር የሚነቀንቀን። ታኅሣሥ 26 ሌሊቱን የመጣው ከ5 ነጥብ 5 በላይ ነበር፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ያለ ሰው ልጁን አቅፎ በነጠላ ነው የወረደው። እኔም ወረድኩ። ግቢው ሙሉ ሰው ነው፣ ሁሉም እጁ ላይ ስልክ አለ፣ ቴሌግራም ነው የሚታየው፣ አንዱ አልቋል ይላል፣ አንዱ ዋናው ገና ሊመጣ ነው ይላል፣ አንዱ ከሌላ ሀገር የተነሳ የፈረሰ ፎቅ ፎቶ ይልካል። ሰው የፈለገው አንድ ነገር ነው፣ የሚያውቅ ሰው ወጥቶ ምን እንደሆነ፣ ወደ ቤት እንግባ አንግባ፣ ሊፍት እንጠቀም አንጠቀም፣ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ለማን እንንገር የሚለውን እንዲነግረው። የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ሩቅ ሀገር አይደሉም እኮ፣ የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ተቋም እዚችው አራት ኪሎ ነው ያለው፣ ከዚህ አዳራሽ በእግር ትደርሱበታላችሁ። ፕሮፌሰር አታላይ አየለን ያ ሰሞን ሰው ሁሉ በስም አወቃቸው፣ ተረጋግተው ስላስረዱ ነው፣ ምሁሩ ሲናገር ሕዝቡ እንደሚሰማ ማስረጃ ናቸው። እኔ ምለው እንደዛ ዓይነት ነገር በዛችው ሌሊት፣ በሚቀጥለው ጠዋት፣ ሰው ገና ግቢ ውስጥ ቆሞ እያለ ነው የሚያስፈልገው። በማግስቱ ማታ ከሁለት የአዳራሽ ዜና በኋላ ሳይሆን።

ሸማ ተራም እንደዛው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል እሳቱን ያየነው በሰው ስልክ ነው፣ ቲክቶክ ላይ፣ እየተንቀጠቀጠ ባለ እጅ። ዕቃ ያለው ነጋዴ እያለቀሰ ሲሮጥ አየን። እና ያ ሁሉ ካለፈ በኋላስ? ያ ነጋዴ ምን ሆነ፣ ኢንሹራንስ ነበረው፣ ብድሩን ባንክ ምን አደረገው፣ የእሳት አደጋ መኪና ለመግባት ለምን ተቸገረ፣ መንገዱ አሁን ሰፍቷል ወይስ ያው ነው? የስልክ ቪዲዮ ይሄን አይነግርህም፣ ስልክ የያዘው ልጅ እሳቱ ሲጠፋ ይሄዳል። ይሄ የዜና ክፍል ሥራ ነበር። እኔ የሚቆጨኝ ቴሌቪዥኑ በስልክ መቀደሙ አይደለም፣ ማንም ይቀደማል፣ ስልክ በየኪሱ ነው ያለው። ስልኩ የማይችለውን ሥራ አለመሥራቱ ነው የሚቆጨኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባል ትዝ ይላችኋል? ጠዋት 57 የነበረው ዶላር በዛኑ ዕለት በባንክ ከ74 በላይ ሆነ። እኔ ሪሲቨር እና ኤልኤንቢ፣ ዲሹ ፊት ላይ የምትታሰረዋን ሲግናል ተቀባይ ማለቴ ነው፣ ከመርካቶ ነው የምገዛው፣ በሁለተኛው ቀን ነጋዴው "ዋጋ አላውቅም፣ ቆይተህ ና" አለኝ፣ ሱቁ ክፍት ነው ግን አይሸጥም። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ቀላል ነገር ነው፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ በድሮ ዶላር ነው የገባው፣ ለምን ጨመረ? ሕጉስ ምን ይላል? ውጭ ያለ ዘመድ የሚልከውን በባንክ ቢልክ ይሻላል? መድኃኒት የሚገዛ የስኳር ታማሚ ምን ይሁን? በማክሮ ኢኮኖሚ ቋንቋ ሰምቻለሁ፣ ብዙ ሰማሁ፣ በኤልኤንቢ ቋንቋ ግን ማንም አልነገረኝም። መርካቶ ውስጥ አንድ ቀን ካሜራ ይዞ የዋለ ሰው ያንን ሁሉ ይመልሰው ነበር።

ስልኩንም አላወድስም፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቴሌግራም ላይ ያለውን የዜና ገጽ ቲክቫህን ስንቱ ሰው እንደሚከታተል ታውቃላችሁ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፣ ቢያንስ የወጣውን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ ይለጥፍልሃል፣ ራስህ አንብበህ ትፈርዳለህ። ግን ከሱ ሥር ደግሞ በሰበር ዜና ስም የሚነግድ ዩቲዩብ አለ፣ ቀይ ቀስት፣ የሚጮህ ሰው፣ ርዕሱ ላይ ጦርነት ውስጡ ላይ ባዶ። ወይዘሮዎቹ እሱን ነው ከፍተው የሚውሉት፣ ሪሲቨሩ ላይ ዩቲዩብ ስላለ እኔው ነኝ የማስተካክልላቸው። አንዷ እናት ማታ ማታ አይተኙም፣ ልጃቸው ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፣ ዩቲዩቡ በየቀኑ ያንን ከተማ ያቃጥልባቸዋል። ልጁ ሲደውል ሰላም ነው ይላቸዋል፣ አያምኑትም፣ ሊደብቀኝ ነው ይላሉ። ቴሌቪዥኑስ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳቸው። "እሱማ ሁሌም ሰላም ነው ይላል" አሉኝ። እዚች ላይ ነው ጉዳቱ። ሁሌም ሰላም ነው የሚል ጣቢያ በእውነት ሰላም በሆነ ቀን የሚያምነው አጣ። አረጋጋለሁ ብሎ ነበር የጀመረው።

ገንዘቡ ደግሞ የኛ ነው። ሕገ መንግሥቱን ያወጣችሁ ስልካችሁ ላይ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5ን እዩት፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያየ አስተያየት እንዲያስተናግድ ሆኖ ይመራል ነው የሚለው። ልመና አይደለም፣ ተጽፏል። የተለያየ አስተያየት ሲባል ደግሞ ሁሌ ፖለቲከኛና ፖለቲከኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጯጯህ ማለት ብቻ አይመስለኝም። የውሃ ቢሮ ኃላፊው ውሃ አለ ካለ ከጎኑ ጄሪካን የያዘችው ሴት የለም ብትል ይኸው ሁለት አስተያየት ሆነ።

ሰው ቁም ነገር አያይም የሚሉም አሉ፣ ጣቢያዎቹ ውስጥ ይሄ ጥቅስ ሆኗል። ሕዝቡ ቀልድና ድራማ ነው የሚወደው ይላሉ። እኔ በ1997 የምርጫ ክርክር ጊዜ ልጅ እግር ነበርኩ፣ ሥራ ገና ስጀምር። ያኔ ክርክሩ ሲተላለፍ ሰው ሁሉ ቤቱ ወይ ሻይ ቤት ነው፣ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት መቆሚያ የለውም፣ እንደ ኳስ ቀን ነው፣ ልዩነቱ ሲያልቅ ሰው ቆሞ ስለ መሬት ፖሊሲ ይከራከራል። የመሬት ፖሊሲ! ሊስትሮው ሳይቀር። በዛ ሰሞን አንቴና አስተካክልልኝ የሚል ሰው ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ብር የያዝኩት ያኔ ነው ብል ይቀለኛል። ከዛ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እዛ አልገባም። ግን ሕዝቡ ቁም ነገር አያይም የሚለኝን ሰው ያን ሰሞን የት ነበርክ እለዋለሁ።

ምን ይደረግ ነው ያላችሁኝ አይደል፣ እኔ ሚኒስትር አይደለሁም፣ ትንሽ ነገር ነው የምጠይቀው። ከማታው ዜና ውስጥ አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ ያለ ጥሪ ደብዳቤ የተሠራች ትሁን። ሪፖርተሩ ማንም ሳይጠራው የሄደበት ቦታ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መታወቂያ ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቆሞ ይይ። ባለፈው ዓመት ሪባን የተቆረጠለት የሕዝብ መፀዳጃ ዘንድሮ ውሃ አለው ወይ ብሎ ይመለስ፣ ካለውም አለው ብሎ ይንገረን፣ ጥሩ ነገር መስማት እኛም እንወዳለን እኮ። ሁለተኛው ደግሞ ነገ የት የት መብራት እንደሚጠፋ፣ የትኛው ሰፈር ውሃ በስንት ቀን ፈረቃ እንደሚያገኝ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ይሄን በማታ ዜና ከስፖርት በፊት ቢነግሩን፣ ውሸት ካልሆነ፣ እመኑኝ ሰው ሰዓት ጠብቆ ያያል። ለንደን የአየሩን ሁኔታ ትነግሩኛላችሁ፣ ጨርቆስ መብራት መቼ እንደሚመጣ ማን ይንገረኝ?

ጥያቄ ሲከፈት መጀመሪያ የተነሳችው አንድ ወጣት ልጅ ናት፣ ራሷ ጣቢያ ላይ እንደምትሠራ ተናገረች፣ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ትንሽ ተቆጥታለች። "ጋሼ፣ እርስዎ ቀላል ያስመስሉታል፣ እኔ ሳልታዘዝ ወጥቼ ብሠራ ኤዲተሬ አያሳልፈውም፣ ቢያሳልፈው ደግሞ ማታ ይደወልለታል" አለች። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ለሷ ነው ያጨበጨበው፣ ልክ ናት። እኔም ይሄን አላውቀውም አላልኩም፣ የሚደወለውን ስልክ እኔ ላስቆመው አልችልም። ግን እስቲ ስልክ የማያስደውለውን ጀምሪ አልኳት፣ ሁሉም ነገር ያስደውላል እንዴ? የታክሲ ሰልፍ ማንን ያስቆጣል? እሷም "ሊያስቆጣ ይችላል" አለች፣ ሰው ሳቀ።

ሌላ አንድ አዛውንት ተነስተው እሳቸው እስካሁን ማታ ማታ ጀርመን ድምፅ በሬዲዮ እንደሚሰሙ፣ የአማርኛው ክፍል በ1957 ሲጀመር ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ ቴሌቪዥኑም እዚህ የገባው በዛው ዓመት እንደሆነ አስታወሱን፣ "እኩያ ናቸው፣ አንዱ ጀርመን ተቀምጦ ስለኛ ሰፈር ሲነግረኝ ኖረ፣ አንዱ እዚህ ተቀምጦ ስለ ስብሰባ" አሉ። ይሄን እኔ ብለው ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር። ከሳቸው በኋላ አንድ ሰውዬ የሀገራችን ጣቢያዎች በሚተላለፉበት ኢትዮሳት ላይ ሲግናል እንደሚቆራረጥበት ጠየቀ፣ ዲሹ በድሮው ሳተላይት በናይልሳት ላይ እያለ የታሰረ ይመስለኛል፣ በ2012 ዲሹ ሁሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲዞር በደንብ ሳይጠበቅ የቀረ ብዙ አለ፣ ብሎኑን አጥብቅ ብዬ መለስኩለት።

ስንወጣ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ገላን ጉራ ስለገቡት ደንበኞቼ ጠየቀችኝ፣ ከፒያሳ ከተነሱ በኋላ ልጆቻቸው የት እንደሚማሩ፣ ወደ ሥራ ስንት ብር እንደሚያወጡ። ሰዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ ማክሰኞ እዛ ሥራ አለኝ፣ አብረሽኝ ነይ አልኳት፣ መኪና የለኝም፣ በታክሲ ነው የምንሄደው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሜክሲኮ፣ ካሜራማን ካጣሽ በስልክሽ ትቀርጫለሽ። ለኤዲተሯ ምን እንደምትለው እያሰበች ቁጥሬን መዘገበች።